«የሌላ ሰው ደብዳቤ ነው» ለተባለው፦ ደግሞ ተጽፎአል

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ የጤፍ ጆንያውን ተራ አስይዞ ሲጠብቅ አንድ ጽሑፍ አስነበበኝ። «ስለ እናንተ የሐሙስ ጥናት የተጻፈ ይመስላል» ብሎ ሳቀ። ጸሐፊው የተማሩ ሰው መሆናቸው ከአገላለጻቸው ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ምእመኑ መጽሐፍ ቅዱስን እየጠቀሰ ለዕለት ኑሮው ማዋሉ ልማድ እንጂ እምነት አይደለም። ጥቅሶቹ ለሌላ ሰው የተጻፉ ናቸው፤ ፍቺያቸው የሊቃውንት ሥራ ነው፤ የበሬና የአውድማ ዘመን ቃል ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ አይሠራም፤ ታክሲ ላይ የሚለጠፈው ከክታብ አይለይም፤ እምነት የነፍስ ጉዳይ ስለሆነም ወደ ኪሎና ወደ ኪራይ መውረድ የለበትም። ጽሑፋቸውን የሚዘጉት ደግሞ ጥቅስ የተጎዳን ሰው የባሰ ያቆስላል በማለት ነው።

እኔ ነገረ መለኮት አልተማርሁም። በከተማው ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ብዙም ሳይርቅ፣ ወፍጮ ቤት አለኝ። በአንድ በኩል ጤፍ በፌስታል ይዘው ከፎቅ የሚወርዱ ይመጡልኛል፣ በሌላ በኩል በአህያ ጭነው ከገጠር የሚመጡ። ሐሙስ ማታ በአንዲት እኅት ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አሥር አሥራ ሁለት ሆነን መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን። መልሴ ከወፍጮ ቤትና ከአራተኛ ፎቅ የሚወጣ ነው።

የመጀመሪያው ነጥባቸው ጠንካራ ስለሆነ ከእርሱ ጋር ብዙ እቆያለሁ። ምሳሌ ያደረጉት ኤርምያስ 29፥11ን ነው፦ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።» ይህ ጥቅስ የማይገባበት የሠርግ መጥሪያ፣ የማይሰቀልበት የሳሎን ግድግዳ የለም። ጸሐፊው ለባቢሎን ምርኮኞች የተላከ ደብዳቤ ነው፣ የሰው ደብዳቤ ከፍታችሁ አታንብቡ ይላሉ።

ደብዳቤ መሆኑ እውነት ነው። ንጉሡ ኢኮንያን ከሹማምንቱና ከእጅ ባለሙያዎቹ ጋር በ597 ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ባቢሎን ከተጋዘ በኋላ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም የላከው ነው። ይባስ ብሎ ከዚያው ጥቅስ በላይ ያለው ቁጥር 10 «ሰባ ዓመት» ይላል። ደብዳቤው ሲነበብለት አርባ ዓመት የሞላው ሰው ተስፋው ሲፈጸም አያይም ማለት ነው። ከአንድ ምዕራፍ በፊት ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ሁሉም ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳል ብሎ ሕዝቡን ደስ አሰኝቶ ነበር፤ ኤርምያስም ሐሰተኛ መሆኑን ነግሮታል። እንግዲህ ቁጥር 11ን ለብቻው ቆርጦ «ዘንድሮ ይሳካልሃል» ለማለት የሚያውለው ሰው የኤርምያስን ቃል በሐናንያ አፍ እየተናገረ ነው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

እንግዲያውስ ደብዳቤውን አጥፈን እናስቀምጠው? የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ እንዲህ አላደረገም። እግዚአብሔር ለአንድ ሰው ለኢያሱ፣ ለዚያውም ለዘመቻ ሲያዘጋጀው የነገረውን ቃል አንሥቶ «አልለቅህም ከቶም አልተውህም» ሲል ለአንባቢዎቹ ሁሉ ሰጣቸው። ለምን ጉዳይ ቢባል ለገንዘብ ጉዳይ! «አካሄዳችሁ ገንዘብን ያለ መውደድ ይሁን፥ ያላችሁም ይብቃችሁ» ካለ በኋላ ነው የጠቀሰው (ዕብራውያን 13፥5)። ለሌላ ሰው የተነገረ የተስፋ ቃል ወደ እኛ መምጣት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። አመጣጡን ግን ልብ ይሏል፤ «ያላችሁ ይብቃችሁ» የሚል ጭነት ተሸክሞ ነው የደረሰን። እኛ ጭነቱን በር ላይ አራግፈን ተስፋውን ብቻ ወደ ሳሎን እናስገባለን። ጥፋታችን የሰው ደብዳቤ ማንበባችን ሳይሆን የሚሰጠንን ገጽ ገንጥለን የሚጠይቀንን ገጽ መተዋችን ነው።

የኤርምያስን ደብዳቤ ከራሱ ጀምረው ያንብቡት። ቁጥር 5 «ቤት ሥሩ ተቀመጡም፥ አታክልትም ትከሉ ፍሬዋንም ብሉ» ይላል። ቁጥር 7 ደግሞ የተማረካችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለ እርስዋም ጸልዩ፣ በእርስዋ ሰላም እናንተም ሰላም ታገኛላችሁ ይላል። ጸሐፊው ይህን እኛ ሰፈር ቆመው ቢያነቡት ኖሮ «የሌላ ሰው» ለማለት ይከብዳቸው ነበር። እዚህ ዳርቻ ላይ የሚኖረው አብዛኛው ሰው ልቡ እዚህ አይኖርም። አንዱ መሀል ከተማ ያለው ቤቱ ፈርሶበት የመጣ ነው፤ ዛሬም «ሰፈሬ» ሲል ፒያሳን ማለቱ ነው። ሌላው ኪራይ ሸሽቶ የመጣ ነው። ሌላው ዕጣ ደርሶት ገብቶ የሚሸጥበትን ቀን ይቆጥራል። ዕድሩ በድሮው ሰፈር፣ ዕቁቡ በድሮው ሰፈር፣ ፀጉሩን የሚያስተካክልለት እንኳ በድሮው ሰፈር ነው። ምርኮኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሻንጣውን አልፈታም ማለቴ ነው።

በግቢያችን ለአራት ዓመት አንድ ችግኝ የተከለ ሰው አልነበረም። ሲጠየቅ ሁሉም «ለማን ብዬ?» ነበር የሚለው። ምዕራፉን ከቁጥር 1 ጀምረን ያነበብን ማታ አንድ ጡረተኛ አባት ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «ባቢሎን ውስጥ ትከሉ ከተባሉ እኛን እዚህ ምን አግዶን ነው?» አሉ። በዚያው ክረምት ከሕንፃው ጀርባ ስድስት ኮክና አራት ግራቪሊያ ተተከለ። ሦስቱን ኮክ ፍየል በላቸው፤ ቁጥር 5 ስለ ፍየል የሚለው ነገር የለውም። የቀሩት ይዘዋል። በዓመቱ ደግሞ የግቢው ዕድር ተመሠረተ፤ ሰብሳቢው እኚሁ ጡረተኛ ናቸው። ስለዚህ ቁጥር 11ን ከግድግዳ አውርዱ አልልም፣ ቁጥር 5ን ከጎኑ ስቀሉ እላለሁ።

ሁለተኛው ነጥባቸው ዕብራይስጥና ግሪክ የማያውቅ፣ አንድምታም ያልተማረ ሰው ቃሉን ወደ ኑሮው ባያመጣ ይሻለዋል የሚል ነው። አንድምታን ማንሣታቸው ደግ ነው፣ ምስክርነቱ ለእኔ ነውና። አንድምታ የግእዙን ንባብ በአማርኛ የሚፈታ የጉባኤ ቤት ትርጓሜ ነው፤ አንዱን ፍቺ ይሰጥና «አንድም» ብሎ ሌላውን ይደርባል። ከደንበኞቼ መካከል የአብነት ትምህርት የተማሩ አንድ አባት አሉ፣ ተራ ሲጠብቁ ደስ ካላቸው ያስተምሩኛል። ምሥጢሩን የሚያስረዱኝ ከእርሻ፣ ከሙግት፣ ከእናትና ከልጅ በሚወስዱት ምሳሌ ነው። አንድ ጊዜ ወንፊት አንሥተው ስለ መከራ አስተምረውኛል። ሊቅ ማለት ቃሉን ወደ ሰው ጎጆ ይዞ የሚገባ ከሆነ እሰየው። ሰው ከጎጆው ደጃፍ ቃሉን እንዳያስገባ የሚጠብቅ ዘበኛ ከሆነ ግን እኚህን አባት አይመስልም።

ጸሐፊው ለዚሁ ነጥባቸው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ጠቅሰዋል። የሕንደኬ ባለሟል የሆነው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ መለሰ። ጸሐፊው እዚህ ላይ አቁመዋል፤ ትንሽ ቢቀጥሉ መልካም ነበር። ፊልጶስ መጽሐፉን አልነጠቀውም። ኢየሩሳሌም ተመልሰህ ዕብራይስጥ ተማር አላለውም። ወደ ሠረገላው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ጃንደረባውም ፍቺውን ከሰማ በኋላ ውኃ ያለበት ቦታ እስኪደርሱ እንጂ ከዚያ በላይ አልቆየም፤ «እነሆ ውኃ» አለ። መጽሐፉ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ይህ ሰው ቃሉን ሰምቶ በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ ላይ ለራሱ አዋለው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። መሪ ያስፈልጋል፣ እስማማለሁ። መሪ የሚያስፈልገው ግን መጽሐፉን ለዘረጋ ሰው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ጥቅስ መቆንጠር የቀለለን ቁጥሮቹ ስላሉ ነው፣ ቁጥሮቹን ግን ነቢያትም ሐዋርያትም አላስገቧቸውም። ምዕራፉ የተከፋፈለው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ የአዲስ ኪዳን ቁጥሮች ደግሞ ሮበርት ኤስቲየን የሚባል አታሚ በ1551 እ.ኤ.አ. ባወጣው እትም የገቡ ናቸው። የፊልጵስዩስ ምእመናን የጳውሎስን መልእክት ሲያነቡ «4፥13» የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን የሰሙት፣ መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጉደልን ተምሬአለሁ ከሚለው ጋር በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ያውም ከእስረኛ። እኛ ለፈተና የሚቀመጥ ልጅ ደብተር ላይ የምንጽፍለት የኋለኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ልጁ ፈተናውን ቢወድቅ የሚይዘው የትኛውን ግማሽ ነው?

ሦስተኛው ነጥብ አሳቀኝ። የበሬና የአውድማ ዘመን አልፏል ይላሉ። እርሳቸው የት እንደሚኖሩ አላውቅም፤ በታኅሣሥና በጥር ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ የሄደ ሰው ግን አውድማ ላይ በሬ ሲያበራይ ከመኪና ሳይወርድ ያያል። እሺ፣ አልፏል እንበል። ጳውሎስ «የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» የሚለውን የሙሴ ሕግ ለማን ነው የጻፈው? ለቆሮንቶስ ሰዎች፣ ለወደብና ለንግድ ከተማ! «እግዚአብሔርስ ስለ በሬዎች ይገደዋልን?» ብሎ ይጠይቅና ስለ እኛ ተጽፎአል ይላል (1ኛ ቆሮንቶስ 9፥9–10)። የሠራ ሰው ከሠራው ይብላ ማለት ነው፤ በሬው ቢቀር ነገሩ አይቀርም።

ከወፍጮ ቤቴ ማዶ ለወራት ሕንፃ ሲሠራ ነበር። ሲሚንቶ የሚሸከሙት የቀን ሠራተኞች ቅዳሜ ማታ ይከፈላቸዋል ተብሎ ሰኞ፣ ሰኞ ሲመጡ ረቡዕ ይባላሉ። ከእኔ ዱቄት በዱቤ የሚወስዱት በዚህ ምክንያት ነበር። ዘዳግም 24፥15 የድሀን ሠራተኛ ዋጋ በዕለቱ ስጠው፣ ፀሐይ አይግባበት ይላል። ይህን ለኮንዶሚኒየም ዘመን ለማምጣት ምን ዓይነት ሊቅነት ያስፈልጋል? ፀሐይዋ ያችው ናት። ወደ ውጭ ትንሽ ወጣ ካሉ ደግሞ እርሻው ሁሉ በችካል ተሸንሽኗል፤ ሌሊት ሌሊት አንዳንዱ ችካል እግር አውጥቶ ሲሄድ ያድራል። የባልንጀራህን የድንበር ምልክት አትንቀል የሚለውን ሕግ የዛሬ ሦስት ሺህ ዓመት ሰው ብቻ ነው የሚረዳው የሚል ካለ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ይዋል።

ስለ ሚዛን ግን በሌላ ሰው ልፈርድ አልችልም። የወለል ሚዛኔ ባዶውን ግማሽ ኪሎ ላይ እንደሚቆም ካወቅሁ ሦስት ሳምንት አልፎኝ ነበር። የማስፈጫ ዋጋ በኪሎ ነው፤ እያንዳንዱ ደንበኛ ላልፈጨሁለት ግማሽ ኪሎ ይከፍለኝ ነበር ማለት ነው። ሳንቲም ናት፣ ነገ አሠራዋለሁ እያልሁ ቆየሁ። አንድ ሐሙስ ምሳሌ ምዕራፍ 11 ደረሰ፤ የቤቱ ልጅ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፣ «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ብላ ጥርት አድርጋ አነበበች። እናቷ በዚያው ጠዋት አሥር ኪሎ አስፈጭታ ሄዳለች። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በማግሥቱ ሚዛኑን አሠራሁ። ዘኬዎስ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል፤ እኔ ማን ስንት እንዳስፈጨ ስላልመዘገብሁ ለሁለት ወር ከእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ኪሎ ሳልቆጥር ፈጨሁ። እጥፍ እንጂ አራት እጥፍ አይደለም። ዘኬዎስ ሀብታም ነበር።

ጸሐፊው ይህንንስ ምን ይሉታል? ጥቅሱ ለእኔ አልተጻፈም? ግሪክ ስለማላውቅ ግማሽ ኪሎው ይቆይልኝ?

አራተኛው የታክሲው ነገር ነው። እዚህ ላይ ከግማሽ በላይ እስማማለሁ። ጎማው አልቆ ሽቦው የታየ ሚኒባስ መስተዋት ላይ መዝሙር 91 ተለጥፎ አይቻለሁ፤ ከካራ ቁልቁለት በዚያ ተሳፍሬ ስወርድ መዝሙሩን እኔም ደግሜዋለሁ። ይሁን እንጂ ይህን መዝሙር ያለ ቦታው በመጥቀስ ሾፌሩ የመጀመሪያው አይደለም። ዲያብሎስ ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝልሃል ተብሎ ተጽፎአልና ሲለው የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር ነው፤ ለዚያውም «በመንገድህ ሁሉ» የሚለውን ዘልሎ። የጌታን መልስ ልብ ብለው ይመልከቱ። ጥቅስ መጥቀስ ልማድ ነው፣ ለሊቃውንት እንተወው አላለም። ጌታን አምላክህን አትፈታተነው ተብሎ «ደግሞ ተጽፎአል» አለው (ማቴዎስ 4፥7)። የአላግባብ ጥቅስ መድኃኒት ያቺ «ደግሞ» ናት። ጸሐፊው በሽታውን በደንብ አይተው ሲያበቁ ያዘዙት መድኃኒት ግን ጾም ነው።

አምስተኛውን፣ እምነት የነፍስ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን፣ ያዕቆብ ስለመለሰው እኔ አልደክምበትም። የዕለት ምግብ ላጣ ወንድም «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ምንም ሳይሰጡ መሸኘት ምን ይጠቅማል ይላል።

የመጨረሻው ነጥባቸው፣ ጥቅስ ያቆስላል ያሉት፣ ትክክል ነው። ክርክር የለኝም፣ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ።

የምናጠናበት ቤት ባለቤት በ1997 ዓ.ም. ተመዝግባ ዕጣ የደረሳት ናት። ከመካከላችን ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ እስከ ዛሬ በየወሩ ባንክ የሚቆጥብ፣ በየዓመቱ ኪራይ የሚጨመርበት የሦስት ልጆች አባት አለ። አንድ ማታ እኅታችን ቤቷን ስታመሰግን ምሳሌ 16፥33ን አነበበች፤ «ዕጣ በጕያ ይጣላል» ይልና ውሳኔው ግን ከእግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል። ክፋት አልነበረባትም፤ ከልቧ ነው ያመሰገነችው። እርሱ ግን ፊቱ ተለወጠ። ትንሽ ቆይቶ «እንግዲያው ለእኔም ያልወጣው ከእርሱ ነው ማለት ነዋ» አለ። ከዚያም እየሳቀ፣ ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም፣ «ቅሬታ የሚቀበለው በየትኛው ቢሮ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ማናችንም መልስ አልነበረንም። እኅታችን አለቀሰች። እኔ ኤርምያስን ልጠቅስ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እኚያ ጡረተኛ መጽሐፉን ከእጄ ወሰዱና መዝሙር 13ን ገልጠው ሰጡት፤ በግእዙ ዳዊት 12ኛው ነው። «ቢሮው ይኸውልህ፣ አንተው አንብበው» አሉት። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጀመረ። ሁለተኛውን «እስከ መቼ» ከፍ ባለ ድምፅ አነበበው፤ ሦስተኛውን ይበልጥ ከፍ አድርጎ። መዝሙሩ አጭር ነው፣ በመጨረሻ «እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ» ወደሚል ይዞራል። «እኔ ግን» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህን ሌላ ቀን አነበዋለሁ» ብሎ መጽሐፉን ከደነው። ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ይነበብ እያልሁ ይህን ሁሉ የጻፍሁት እኔ፣ ያን ማታ ቀጥል አላልሁትም። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ነበር፤ ጠጥተን ወረድን።